ዘቢዳርን ያልተሻገረው ራዲዮን

በቅርቡ ለዘመድ ጥየቃ ቡታጅራ ወርጄ ሳለሁ ከገበያው አጠገብ ካለች አንዲት የራዲዮን መጠገኛ ሱቅ ጎራ አልሁ። ጠጋኙ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ሆዱ የተከፈተ መሣሪያ ተቀምጦ ነበር፤ ይኸውም በፈረንጅ አገር የከባድ መኪና ነጂዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሲቢ የሚባለው ራዲዮን ነው። «ይሰማል፤ አይናገርም» አሉኝ።

አንባቢ እንዲረዳው ያህል፣ ሲቢ ራዲዮን በአሜሪካ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ በ40 ቻናሎች የሚሠራ ሲሆን፣ በተለመደው ኤ ኤም በተባለው አላላክ ኃይሉ ከ4 ዋት እንዳይበልጥ ተወስኗል። የዚህ መሣሪያ ባለቤት ግን ወልቂጤ ካለው ወንድሙ ጋር ለመነጋገር ፈልጎ አንድ «አዋቂ» ጉልበት እንዲጨምርለት ሰጠው። አዋቂውም ኃይሉን የሚገድበውን ክፍል ቆርጦ፣ የማስተካከያ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ከ40ው በላይ ሌሎች ቻናሎች ጨምሮ መለሰለት። መሣሪያው ሁለት ቀን ሠርቶ ዝም አለ።

እኔም ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ እንደመሆኔ ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ፣ «ጋሼ፣ የመጨረሻው ትራንዚስተር ተቃጥሎ ይሆናል፤ ይለወጥ» አልሁ።

«መቃጠሉንማ አይቻለሁ። ያቃጠለውን ሳላገኝ ብለውጠው ግን አዲሱም ይነዳል፤ አንተ ልጅ፣ ትራንዚስተር በነፃ የሚመጣ መሰለህ?»

አፈርሁና ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ። መጀመሪያ የኃይል ምንጩን ለኩ፤ 13.8 ቮልት ነበር፤ የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫንም አልወረደም። ቀጥለው አንቴናውን ነቅለው በምትኩ ባለ 50 ኦም መከላከያ ገጠሙ፤ ይህ ኃይሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፣ ሙከራው ወደ አየር ወጥቶ የሰው ጆሮ አይረብሽም። ከዚያ ማዕበሉ ከሚወለድበት ክፍል ተነሥተው ደረጃ በደረጃ ተከተሉት። በመደበኛዎቹ ቻናሎች እስከ መጨረሻው ትራንዚስተር ደጃፍ ድረስ በደኅና ደረሰ። በተጨመሩት ቻናሎች ግን መንገድ ላይ ደከመ፤ በመካከል ያሉት ጥቅልሎች የተቃኙት ለ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነውና። በመጨረሻም የአንቴናውን ገመድ ሲፈትሹ የውጭ መረቡ ከጫፉ ተበጥሶ ተገኘ። ኃይሉ ወደ አየር መውጣት ሲያቅተው ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ብሎኑ ከልክ በላይ ያጠጣው ትራንዚስተርም ሁለቱን ችሎ አልቆየም።

ገመዱ ተጠገነ፤ ብሎኖቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ትራንዚስተሩ ተለወጠ። መለኪያው 4 ዋት አሳየ።

«ወልቂጤ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁ።

በእጃቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዘቢዳር አመለከቱኝ። ከሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ በመካከሉም ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉራጌ ተራራ ቆሟል። የመቀበያው መርፌ አንዲት ደረጃ እንድትወጣ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ማለት ከ4 ወደ 16 ዋት ማደግ አለበት። ይህም ለተራራው ምኑም አይደለም። እንዲያውም የሚያስቀው፣ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት የ27 ሜጋኸርዝ ማዕበል ከሰማይ ተንጸባርቆ ሌላ አህጉር ሲደርስ የጎረቤቱ ከተማ ምንም አይሰማም።

አዋቂው የሠራው ሥራ ጎረቤትንም ይነካል። ከልክ በላይ የተገፋ ማስተላለፊያ የራሱን ማዕበል ብዜቶች ይረጫል፤ የ27 አራት እጥፍ 108 ነው፤ ከ108 ሜጋኸርዝ በላይ ደግሞ አውሮፕላኖች ለማረፍ የሚመሩባቸው ምልክቶች አሉ። ለዚህም ነው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የራዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረውና ፈቃድ የሚሰጠው። በዚህ ሙያ የሚማረክ ወጣት በስርቆሽ መሥራት አይገባውም፤ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል የጥሪ ስም የታወቀው የአማተሮች ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን ሲያለማምድ ቆይቷል።

ማታ ባለቤቱ መጣ። ጠጋኙ የተቃጠለችውን ትራንዚስተር በመዳፉ ላይ አኖሩለትና ስለ ተራራውም ስለ ፈቃዱም ነገሩት። ሰውዬው ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ወረቀቱን እስካወጣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከበሩ ላይ ቆሞም በተንቀሳቃሽ ስልኩ ወደ ወልቂጤ ደወለ።