ስለ ከተማ መግቢያ መንገድና ስለ መብራት ምሰሶዎች





እንግዳ ከተማን አስቀድሞ የሚያውቃት በመግቢያዋ ነው። ዳሩ ግን በዋና መንገድ ላይ ያሉት አያሌ ከተሞቻችን መንገደኛውን የሚቀበሉት በተንጋደደ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፥ በተንዠረገገ ሽቦና በዛገ ብረት ነው።

እኔ በምኖርባት ከተማ፥ ከቤንዚን ማደያው እስከ አደባባዩ ድረስ የሲሚንቶ ምሰሶ ሲተከል አሮጌው የእንጨት ምሰሶ አልተነሣም። ሥሩ በስብሶ በሽቦ ተደግፎ ስለ ቆመ፥ ማን ማንን እንደ ተሸከመ መለየት ያስቸግራል። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ደግሞ እናቶች ቆሎና እሸት በቆሎ ይሸጣሉ፤ ልጆቻቸውም በዚያው ይጫወታሉ። ይህ ዕቃ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ተቀብሎ ወደ 380ና ወደ 220 ዝቅ የሚያደርግ ሲሆን፥ የፊውዙ ሣጥን መዝጊያ የለውም። እንግዲህ ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም።

በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ሥራ በፒያሳና በአራት ኪሎ የነበረው ሽቦ ከመሬት በታች ገብቶ ሰማዩ ተገልጦ ይታያል። ይህንን ያየ የክፍለ ሀገር ሰው ሁሉ «ለእኛስ መቼ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የመሬት ውስጥ መሥመር በአየር ላይ ከሚዘረጋው ብዙ እጥፍ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሲበላሽም የተበላሸውን ቦታ ለማግኘት ልዩ መሣሪያና ቁፋሮ ያስፈልገዋል። አነስተኛ ማዘጋጃ ቤት ያ ሁሉ ገንዘብ እስኪገኝ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አለበትን?

ከሁሉ በፊት አዲስ ምሰሶ የተከለ ተቋራጭ አሮጌውን ነቅሎ ሳያነሣ ሥራው ተፈጸመ ተብሎ እንዳይፈረምለት ይደረግ። ይህ አዲስ ወጪ አያስወጣም። ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተጋጩ እሳት የሚተፉት ራቁት ሽቦዎችም በፕላስቲክ በተሸፈነ፥ አንድ ላይ በተገመደ ሽቦ ቢለወጡ አራቱ እንደ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ አደጋውም ይቀንሳል። መንገድ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ መብራት፥ ስልክና ውሃ ተጠርተው፥ አስፋልቱ ሳይነጠፍ ባዶ ቧንቧ ከሥሩ ይቀበር። ያን ጊዜ ገንዘብ በተገኘ ዕለት ሽቦውን ማሳለፍ ብቻ ይሆናል፤ አለዚያ የዛሬ ዓመት የተነጠፈው አስፋልት እንደ ተለመደው በዶማ ይፈለጣል።

ትራንስፎርመሩን በቆርቆሮ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ መጋረድ የሚወዱ አሉ። እኔ አልስማማም፤ የተጋረደ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፥ ለጥገና ሠራተኛውም መሰናክል ነው። በሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት የሽቦ አጥር ይበቃል። ከሽቦ ሥር ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ መትከልም ይቅር፤ በየዓመቱ አናታቸው እየተቆረጠ ከምሰሶው ይልቅ የሚያስጠሉት እነርሱ ናቸው። የባሕር ዳርን ዘንባባዎች አይቶ ያልቀና ከተሜ የለም፤ ነገር ግን ረጅሙ ዛፍ ሽቦ በሌለበት ወገን፥ ቁጥቋጦውና አበባው በሽቦው ወገን ይሁን።

ቆሎ ሻጮቹን በተመለከተ፥ በመንገዱ ማዶ ጥላ ይሠራላቸው። በደንብ አስከባሪ ብቻ ቢባረሩ በማግስቱ ተመልሰው እዚያው ይቀመጣሉ።

አንድ የከተማ ነዋሪ