ኩላሊት፣ ጥምና ጨው፦ ሰውነት የውኃውን ሚዛን የሚጠብቅበት ሥርዓት

ከአንድ ጎልማሳ ወንድ ክብደት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ውኃ በመሆኑ፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 42 ሊትር ገደማ ውኃ በሰውነቱ ይዞ ይኖራል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ቀሪው በሕዋሳት መካከልና ፕላዝማ በሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ነው። ውኃ በሽንት፣ በላብ፣ በትንፋሽና በዓይነ ምድር ያለማቋረጥ ስለሚወጣ፣ ሰውነት ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይቆጣጠራል፤ እነርሱም በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ጨው ክምችትና የፈሳሹ መጠን ናቸው።

ክምችቱን የሚከታተለው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። በደም ውስጥ ያለው የጨው ክምችት 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ከፍ ሲል ይህ ክፍል ጥም ከመቀስቀሱም በላይ፣ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕረሲን የተባለውን ሆርሞን፣ ማለትም በደም ተጉዞ ለሌላ አካል ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር፣ እንዲለቅ ያደርጋል። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም የሚያጣሩት ኩላሊቶች ይህ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ወደ ደም የሚመልሱትን ውኃ ስለሚጨምሩ፣ ሽንት ይቀንሳል፤ ቀለሙም ይደምቃል።

የፈሳሹ መጠን ሲቀንስ ደግሞ ኩላሊት ራሱ ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ይለቃል፤ በዚህም የሚጀምረው ሂደት ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ አልዶስተሮን የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ፣ ከሽንት ጋር ይወጣ የነበረው ሶዲየም ወደ ደም ይመለሳል፤ ውኃውም ሶዲየሙን ተከትሎ ይመለሳል። በአንጻሩ መጠኑ ከልክ ሲያልፍ፣ የተለጠጡት የልብ የላይኛው ክፍሎች ሶዲየም በሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ ሆርሞን ይለቃሉ።

ሁለቱ ቁጥጥሮች በተቃረኑ ጊዜ፣ ሰውነት የደም ዝውውር እንዳይቋረጥ ሲል መጠኑን ያስቀድማል። በከባድ ተቅማጥ ውኃና ጨው አብረው ሲወጡ፣ ቫሶፕረሲን ደሙ ቀጥኖም እንኳ መለቀቁን ስለሚቀጥል፣ ውኃ ብቻ የሚጠጣ ሕመምተኛ የደሙ ሶዲየም ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦአርኤስ ጨውና ግሉኮስ አጣምሮ የያዘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግሉኮሱ ሶዲየምን ይዞ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ሲገባ ውኃው አብሮ ይገባል። ስለዚህ በተቅማጥ ለታመመ ሰው፣ በተለይም ለሕፃን፣ ኦአርኤሱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።