ልኩ ያልገጠመ የፍሬን ዕቃና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

ከደብረ ኤልያስ ተነሥተው በደብረ ማርቆስና በደጀን በኩል ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም የሚሄዱ ምእመናን የዓባይን በረሃ ይሻገራሉ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ስፍራ የተሳፋሪው ደኅንነት የተመሠረተው በፍሬኑ ላይ ነው። ስለዚህ የራሱ ተሽከርካሪ ያለው ወይም ለጉዞ የሚከራይ ሰበካ ጉባኤ የፍሬን ዕቃ እንዴት እንደሚገጠም ማወቅ ይገባዋል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ያሉት መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገላቸው ስለማይቀር መለዋወጫ ደጋግሞ መቀየር ግድ ይሆናል። አዲስ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ በቦታው ልክ አይቀመጥም። ቤት ያልመታ ቅኔ ድምፅ በማሳመር እንደማይቃና ሁሉ፣ ልኩ ያልገጠመ የፍሬን ዕቃም በመዶሻ አይስተካከልም። አስቀድሞ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት የዕቃው መለያየት ነው። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የቀዳዳዎቹን አቀማመጥ መለካት ያስፈልጋል። ልዩነት ከተገኘ ዕቃው ለሻጩ ይመለሳል እንጂ ተቆርጦ ወይም ተበይዶ አይገጠምም።

ሁለተኛው የታምቡሩ መበላት ነው። ለብዙ ዘመን ያገለገለ ታምቡር ውስጡ ስለሚጎደጉድ በጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣል፤ አዲሱ ሸራም በዚያ ይያዛል፣ ወይም በከፊል ብቻ ይነካል። ይህን ለማወቅ የታምቡሩን ውስጥ በጠመኔ ቀብቶ፣ ሸራውን አስጠግቶ ማዞር ይቻላል። ጠመኔው በሸራው መካከል ወይም በጫፉ ብቻ ከታየ አቀማመጡ ትክክል አይደለም። ታምቡሩ በቶርኖ ይስተካከላል፤ ነገር ግን በላዩ ከተቀረጸው የመጨረሻ ልክ ካለፈ መጣል አለበት።

ሦስተኛው ዝገት ነው። ዲስክ ባላቸው ጎማዎች ፓዱ የሚንሸራተትበት ብረት ሲዝግ ቦታው ይጠባል። መድኃኒቱ የተቀመጠበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት እንጂ ፓዱን መሞረድ አይደለም። ተጣብቆ የገባ ፓድ ፔዳሉ ሲለቀቅ አይመለስም፤ ዲስኩን እየነካ ያግለዋል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ በጊዜ ብዛት እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም ያለ ተቃውሞ ወደ ታች ይሰምጣል። ይህ የሚያጋጥመው በሜዳ ሳይሆን በረጅም ቁልቁለት ነው።

በሥራው ጊዜ የሸራውን ብናኝ በአፍ ወይም በአየር ማቡነን ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የጎማ ማሸጊያዎችን በቤንዚን ወይም በሞተር ዘይት ማጠብ ያሳብጣቸዋል፤ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ይበቃል።

ሰበካ ጉባኤው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። የወጣው አሮጌ ዕቃ ይቅረብ። በግራ የተቀየረው በቀኝም መቀየሩ ይረጋገጥ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በእጅ ሲዞር ሳይያዝ ይዙር። በመጨረሻም መካኒኩ ባዶውን መኪና በሜዳ ላይ በዝግታ እየነዳና ደጋግሞ እያቆመ ይፈትነው፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በመስመሩ ውስጥ አየር አለና ይውጣ። ከዚያም በየጎማው አጠገብ እጅን አስጠግቶ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ መጋሉን መመርመር ነው፤ የጋለው ያልተፈታ ፍሬን አለበት።

የተቀየረው ዕቃ ዓይነትና ቀን በንብረት መዝገብ ይጻፍ። የኪራይ መኪና ሲሆንም ይኸው ጥያቄ ለባለቤቱ ከጉዞው ቀን አስቀድሞ ይቅረብ፤ ምእመናን ከተሳፈሩ በኋላ ፍሬን መመርመር የዘገየ ነውና።