የሙሙት ጥንካሬና የዕፅዋት ውኃ፡ ከድንች ሙከራ እስከ አርሶ አደሩ ማሳ

በደቡብ ጎንደር ዞን የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወገዳ፣ እንዲሁም በዙሪያዋ የሚገኙት የጋይንትና የእስቴ አካባቢዎች፣ ከጉና ተራራ ደጋማ ቀበሌዎች ጀምሮ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች እስከሚወርደው ቆላ ድረስ የተለያየ የአየር ጠባይ ያላቸው ናቸው። በደጋው ገብስና ድንች፣ በዝቅተኛው ሥፍራ ጤፍና ማሽላ ይመረታሉ። የዝናብ እጥረትም አካባቢውን በተደጋጋሚ ሲፈታተነው ቆይቷል።

ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ቀድሞ ሲወጣ በማሳ ላይ ሁለት ችግሮች ይታያሉ። አንደኛው የቡቃያው መጠውለግ ሲሆን፣ ሁለተኛው በደረቅ አፈር ላይ የተጨመረ ማዳበሪያ ሰብሉን "አቃጠለው" የሚባለው ጉዳት ነው። የሁለቱንም መንስኤ ለመረዳት የሚያስችለው የተፈጥሮ ሕግ ኦስሞሲስ በመባል ይታወቃል።

ኦስሞሲስ ውኃ ቀጠን ካለ ሙሙት ጠንከር ወዳለ ሙሙት በስስ ሽፋን በኩል የሚያልፍበት ሂደት ነው። የሙሙት ጥንካሬ ሲባል በተወሰነ መጠን ውኃ ውስጥ የሟሟው የስኳር፣ የጨው ወይም የሌላ ንጥረ ነገር ብዛት ማለት ነው። የዕፅዋት ሕዋስ የተከበበበት ሽፋን ውኃን በቀላሉ ሲያሳልፍ፣ ስኳርንና ጨውን ግን እንደልብ አያሳልፍም። በመሆኑም በሽፋኑ በሁለቱም ወገን ያለው የሙሙት ጥንካሬ በተለያየ ቁጥር ውኃው ወደ ጠንካራው ወገን ያዘነብላል።

ሂደቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ ያሳየው ፈረንሳዊው ዣን አንቷን ኖሌ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1748 ነበር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፌፈር እ.ኤ.አ. በ1877 በስኳር ሙሙት ላይ ያደረጋቸውን ልኬቶች ይፋ አደረገ። ሆላንዳዊው ቫንት ሆፍ በበኩሉ በሙሙት ጥንካሬና በሚፈጠረው ግፊት መካከል ያለውን ግንኙነት በቀመር ያስቀመጠ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ውኃ በሕዋስ ሽፋን የሚያልፍባቸውን ልዩ የፕሮቲን ቀዳዳዎች ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬም እ.ኤ.አ. በ2003 የዚሁ ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ይህንን ሕግ በትምህርት ቤት ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአካባቢው ምርት የሆነው ድንች፣ ስኳር፣ ቢላዋ፣ ማስመሪያና ትንሽ ሚዛን ይበቃሉ። በመጀመሪያ ከአንድ ድንች፣ ልጣጩ ተነሥቶ፣ ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ቁራጮች ይዘጋጃሉ። ቁራጮቹ ከአንድ ድንች መሆናቸው አስፈላጊ ነው። በቀዝቃዛ ሥፍራ የከረመ ድንች ከስታርቹ የተወሰነው ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ውጤቱ ከአዲስ ድንች ሊለይ ይችላል።

ቀጥሎ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው የስኳር ሙሙቶች ይዘጋጃሉ። በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ 342 ግራም ስኳር ሲኖር ጥንካሬው 1 ሞል ይባላል። በዚህ ስሌት 0.2 ሞል ለማዘጋጀት 68 ግራም ያህል፣ 0.4 ሞል ለማዘጋጀት 137 ግራም ያህል ስኳር በውኃ አሟሙቶ አንድ ሊትር መሙላት ነው። አንዱ ዕቃ ያለ ስኳር ንጹሕ ውኃ ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከተመዘነ በኋላ በየሙሙቱ ለአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ከዚያም ወጥቶ፣ ላዩ በስስ ወረቀት ደርቆ እንደገና ይመዘናል።

የክብደት ለውጡ በመቶኛ መሰላት ይኖርበታል። ለምሳሌ 5 ግራም የነበረ ቁራጭ 5.5 ግራም ቢሆን ለውጡ 10 በመቶ ጭማሪ ነው። በዚህ መንገድ በመነሻ ክብደታቸው በመጠኑ የሚለያዩ ቁራጮችን ማነጻጸር ይቻላል።

በንጹሕ ውኃ ውስጥ የቆየው ቁራጭ ክብደት ይጨምራል፤ ሲነካም ጠጠር ይላል። ጠንካራ ሙሙት ውስጥ የነበረው ግን ክብደቱ ቀንሶ ይልፈሰፈሳል። ውጤቱ በግራፍ ሲቀመጥ መሥመሩ ከጭማሪ ወደ ቅናሽ የሚያልፍበት ነጥብ ይገኛል። ይህ ነጥብ በድንቹ ውስጥ ያለው ሙሙት ከውጪው ጋር የተመጣጠነበትን ጥንካሬ ያመለክታል። ለድንች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.35 ሞል ስኳር አካባቢ ይሆናል። የ0.3 ሞል ሙሙት ሊፈጥር የሚችለው ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት 7 እጥፍ ያህል መሆኑ የሂደቱን ኃይል ያሳያል።

ስኳር ባይገኝ በገበታ ጨው መሞከር ይቻላል፤ መጠኑ ግን እጅግ ያንሳል። በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው 100 ግራም ያህል ስኳር የሚያደርገውን ያደርጋል። ምክንያቱም ኦስሞሲስን የሚወስነው የሟሟው ነገር ክብደት ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። የጨው ቅንጣት ከስኳር ቅንጣት ብዙ እጥፍ ቀላል ከመሆኑም በላይ በውኃ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ሥጋ በጨው ታሽቶ ቋንጣ ሲሆን የማይበሰብሰው፣ ማርም ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቆየው ከፊሉ በዚሁ ሕግ ነው፤ ጠንካራው ሙሙት ከተሕዋስያኑ ውኃ ይነጥቃልና።

በማሳም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ሥር ውኃ የሚስበው በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ሙሙት በአፈሩ ውስጥ ካለው የጠነከረ ሲሆን ነው። አፈር ሲደርቅ የቀረው እርጥበት እየጠነከረ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በብዛት ከዘሩ ወይም ከሥሩ ጋር ቢነካካ፣ የሚሟሟው ማዳበሪያ በሥሩ ዙሪያ ያለውን ሙሙት ይበልጥ ያጠነክረዋል። ሥሩ ውኃ መሳብ ይሳነዋል፤ ያለውንም ሊያጣ ይችላል። ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒያም ጉዳቱን ያባብሳል። ስለሆነም ማዳበሪያን ከዘር ለይቶ ማስቀመጥ፣ በአፈር መሸፈን፣ ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ከፋፍሎ መጨመርና አፈሩ እርጥበት ሲያገኝ መጠቀም ይመከራል። ጉዳቱን የሚያስከትለው ማዳበሪያው ራሱ ሳይሆን የአጨማመሩ መጠንና ጊዜ ነው።

ሕጉ በሰፊው የሚታይበት ሌላው ሥፍራ በአፋር ክልል የሚገኘው የመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ነው። በአሚባራና በመልካ ሰዲ የመስኖ እርሻዎች በቂ ማንጣፈፊያ ባለመኖሩ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሲተን ጨው በአፈሩ ላይ በመተዉ ለም መሬት ከምርት ውጪ ሆኗል። ሰብሎች ይህንን የሚቋቋሙት በተለያየ መጠን ነው። የአፈር ጨዋማነት በሚለካበት ዴሲ ሲመንስ በሜትር ገብስ እስከ 8፣ ጥጥ እስከ 7.7 ምርታቸው ሳይቀንስ ሲቋቋሙ፣ ድንች ግን ከ1.7 በላይ ሲሆን ምርቱ መቀነስ ይጀምራል።

በመስኖ ድንች ለማልማት ጥረት በሚደረግባቸው ወረዳዎች ይህ ቁጥር ትኩረት የሚሻ ነው። የደጋው አፈር በዝናብ የሚታጠብ በመሆኑ ሥጋቱ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ዝናብ አጠር በሆነው ቆላ ግን መስኖ ማንጣፈፊያን ከጅምሩ ሊያካትት ይገባል። በክፍል ውስጥ ጥቂት የድንች ቁራጮችን መዝኖ የልፍስፍስነታቸውን ምክንያት የተረዳ ተማሪም፣ ማዳበሪያ መቼና እንዴት እንደሚጨመር ለቤተሰቡ በበቂ ምክንያት ማስረዳት ይችላል።