ኪስራ፤ ከማሽላ ዱቄት የሚሰናዳ የካርቱም እንጀራ

ማሽላ ለጠላና ለከብት ብቻ የሚውል እህል የሚመስለው ሰው የካርቱምን ማዕድ ያላየ ነው። በዚያ ከተማ የቤት እመቤት የማሽላውን ዱቄት በውሃ ለውሳ፣ ካለፈው ሊጥ ጥቂት እርሾ ጨምራ ታሳድረዋለች። በማግሥቱም ሊጡን አቅጥና በጋለ ምጣድ ላይ ታፈሳለች፤ በዘንባባ ቅጠል ቁራጭም እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ ትገፋዋለች። ይህም ኪስራ ይባላል፤ በደረቀ ባምያ ዱቄት ከተሠራ ወጥ ጋር ይበላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ምጣዱን ትቶ ተሰደደ፤ ከፊሉም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ምጣድ ያጣ ሰው ያንኑ ዱቄት በድስት አገንፍቶ አሲዳ ያደርገዋል። እንግዲህ ስደተኛ ጎረቤት ያላችሁ ወገኖች ሆይ፥ ከማሽላችሁ ጋር ምጣዳችሁንም አውሱ፤ ማዕዱ ለሁለታችሁም የታወቀ ነውና።