የዳኛ ነፃነት የጥፋት መሸሸጊያ አይደለም

ባላጋራውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ማቆም የለመደ ሕዝብ፣ ሚዛን የተሰጠው ዳኛ ራሱ ሚዛኑን ባዛባ ጊዜ ማንን «በሕግ አምላክ» ይለዋል? ይህ ጥያቄ ለሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ የተጀመረ የአንድ ገበሬ የመሬት ክርክር በይግባኝ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ባሕር ዳር ይደርሳል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ሲባልም እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊዘልቅ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ፣ ይህ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ይገዛል። እንግዲህ የታችኛውን ዳኛ ስሕተት የላይኛው ያርመዋል፤ ከመጨረሻው ወንበር በኋላ ግን ሌላ የይግባኝ በር የለም። ስለሆነም ወንበሩ ከፍ ባለ መጠን የሥነ ምግባር ቁጥጥሩም ሊጠነክር ይገባል እንላለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ሁለት ነገሮችን አጣምሮ አስቀምጧል። በአንድ በኩል፣ ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም አይመራም። በሌላ በኩል፣ የዲሲፕሊን ደንብ የጣሰ ወይም የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና በጉልህ ያነሰው ዳኛ፣ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲወስንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም የክልሉ ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቀው ከሥራው ይነሣል። ይኸውም የዳኛ ከለላ ለዳኛው ምቾት ሳይሆን ፊቱ ለቆመው ተሟጋች ሲባል የተሰጠ መሆኑን ያስረዳል።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ። የፌዴራሉን ጉባኤ በሰብሳቢነት የሚመራው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። በከፍተኛው ወንበር ላይ ያለ ዳኛ ሲከሰስ የሙያ ወንድማማችነት ዓይን እንዳይጋርድ ምን ዋስትና አለ? ችግሩ የአገራችን ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9 ዳኞች በኅዳር 2016 ዓ.ም. የሥነ ምግባር ደንብ ሲያወጡ፣ ደንቡን የሚያስፈጽም አካል አላቋቋሙም። አስፈጻሚ የሌለው ደንብ ደግሞ ምክር እንጂ ልጓም አይሆንም።

ታዲያ መድኃኒቱ የባለሥልጣን ስልክ ነውን? በፍጹም! ፍርዱ ያላስደሰተው ሹም ዳኛን የሚያሸማቅቅበት ቁጥጥር ከጉቦ ያላነሰ መርዝ ነው። የፍርዱ ይዘት በይግባኝ ይታረም፤ ጉቦ፣ አድልዎና ሆን ብሎ ማጓተት ግን በጉባኤው ይመርመር፤ የተከሰሰው ዳኛ ይሰማ፤ ነገር ግን በራሱ ጉዳይ አይቀመጥ፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛውም ድርሻ አላቸው። በፍርድ የተሸነፈ ሁሉ የዳኛን ስም ከማጥፋት ይቆጠብ፤ በእርግጥ የተበደለም በማስረጃ አስደግፎ አቤት ከማለት አይቦዝን። ዳኛ በሌላው ላይ የሚፈርደው በሕግ እንደሆነ ሁሉ፣ በእርሱም ላይ የሚፈረደው በሕግ፣ በሕግም ብቻ ይሁን!