ስልክ በሰው አገር

251ን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። 636ን የሚያውቁት ግን የሙያው ሰዎች ናቸው። በዓለም የሞባይል መዝገብ ኢትዮጵያ የተመዘገበችው በዚህ ቁጥር ሲሆን፣ በአገር ቤት በወጣ ሲም ካርድ ሁሉ ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱ ለወዳጅ ዘመድ የሚሰጠው ስልክ ቁጥር ሌላ፣ ሲሙ በሆዱ የያዘው 15 አሃዝ ያለው መለያ ሌላ ነው። የመለያው የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት ድርጅቱን። 01 ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ከሆነ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ።

አንድ ሐጃጅ ጅዳ አርፎ ስልኩን ሲከፍት የሳዑዲው ኔትወርክ ይህንን መለያ ያያል። 636 01 የራሱ ደንበኛ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ጥያቄ ይልካል። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ? ሒሳቡንስ ትከፍሉለታላችሁ? አዲስ አበባ አዎ ካለች ስልኩ ኔትወርክ ያገኛል፤ የእንኳን ደህና መጡ መልእክትም ይከተላል። ሁሉም ነገር ሻንጣው ሳይወርድ በሰከንዶች ያልቃል። ሮሚንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ በሰው አንቴና ላይ በአገር ቤት ዋስትና ማደር።

ዋስትናው ግን በነፃ አይገኝም። ሐጃጁ መካ ሆኖ ዩቲዩብ ሲከፍት ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከሳዑዲ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም። መጀመሪያ ወደ አገር ቤቱ ድርጅት ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ መልሱም በመጣበት መንገድ ወደ መካ ይሄዳል። ይህ ምልልስ ገጹን ትንሽ ያዘገየው ይሆናል እንጂ ዋጋውን የሚሰቅለው እሱ አይደለም። ዋጋውን የሚሰቅለው ውል ነው። አስተናጋጁ ድርጅት ዳታውን ለላኪው ድርጅት በጅምላ ይሸጣል፤ ላኪው የራሱን ጨምሮ ለደንበኛው ይቸረችራል። ደንበኛው በዚህ ድርድር ላይ ወንበር የለውም። ከሁለቱ ድርጅቶች አንዱም ዋጋ ለመቀነስ የሚቸኩልበት ምክንያት የለም፤ መንገደኛ ስልኩን ሊጥል አይችልማ።

ለዚህ ከአውሮፓ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ጁን 15 ቀን 2017 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ ኅብረት ለመንገደኞች ይጨመር የነበረውን የሮሚንግ ክፍያ አነሳ። በዚያ ዕለት አዲስ አንቴና አልተተከለም፣ አዲስ ገመድም አልተዘረጋም። የተለወጠው ሕጉ ብቻ ነው። ድርጅቶቹ እርስ በርስ የሚያስከፍሉት የጅምላ ዋጋ ጣሪያ ተበጀለት፤ መጀመሪያ በጊጋባይት 7.70 ዩሮ የነበረው እየወረደ በ2027 1 ዩሮ እንዲሆን ተወስኗል። ሕጉ በ2022 ታድሶ እስከ 2032 ይዘልቃል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ዘመድ ለመጠየቅ ስቶክሆልም ወይም ሮም የሚሄድ ሰው ስለ ዳታ ብዙ አይጨነቅም። የሚጨነቀው ባቡሩ በስዊዘርላንድ በኩል ሲያልፍ ነው፤ ስዊዘርላንድ ከሕጉ ውጭ ናት። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ አንዳንዶቹ ኩባንያዎቿ የዕለት ክፍያውን መልሰው አምጥተውታል። በመርከብና በአውሮፕላን ላይ የሚገኘው በሳተላይት የሚሠራ ኔትወርክም የሕጉ ጥበቃ የለውም። ሕጉ የጉዞ እንጂ የኑሮ አይደለም፤ አንድ ሰው ቢያንስ በአራት ወር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜውን ከአገሩ ውጭ ካሳለፈና አብዛኛውን ዳታውንም እዚያው ከተጠቀመ ድርጅቱ ጭማሪ ሊጠይቀው ይችላል።

አውሮፓ ግን የመጀመሪያዋ አይደለችም። የሱዳን ተወላጁ ሞ ኢብራሂም በ1998 የመሠረተው ሴልቴል በሴፕቴምበር 2006 ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን በአንድ ኔትወርክ አገናኝቶ ነበር። ከናይሮቢ ካምፓላ የተሻገረ ነጋዴ በካምፓላ ዋጋ ይደውላል፣ የካምፓላን ካርድ ይሞላል፣ ሲደወልለትም አይከፍልም። ምሥጢሩ ቀላል ነው። በሦስቱም አገሮች ድርጅቱ የሴልቴል ስለነበር በድንበር ማዶ የሚከፈለው ባዕድ አልነበረም። በ2014 ደግሞ የኬንያ፣ የሩዋንዳና የኡጋንዳ መንግሥታት በመካከላቸው የሚደረገው ጥሪ ዋጋ እንዲወርድ አደረጉ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ያልሆነችው ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ስምምነት ውጭ ናት።

ሕጉ የማይደርስለት መንገደኛ ያለው አማራጭ የራሱን ማንነት መቀየር ነው፤ የስልኩን ማለት ነው። ይህን የሚያስችለው ያቺ ትንሽ ካርድ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሲም ካርዶች በ1991 የሠራው የሙኒኩ ጊዜከ ኡንት ዴቭሪየንት ሲሆን፣ 300 የሚሆኑትን የሸጠው ራዲዮሊንያ ለተባለው የፊንላንድ ድርጅት ነበር። ካርዱ ያን ጊዜ የባንክ ካርድ ያህል ነበር። እየተቆረጠ እየተቆረጠ በ2012 ዛሬ ናኖ የምንለው፣ ርዝመቱ 12.3 ሚሊሜትር ብቻ የሆነው ደረሰ። የተቆረጠው ግን ፕላስቲኩ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው፤ መለያውንና ምሥጢራዊ ቁልፉን ይዞ፣ ኔትወርኩ ሲጠይቀው ቁልፉን ሳያሳይ ትክክለኛው እሱ መሆኑን ማረጋገጥ።

ኢሲም የመጣው ፕላስቲኩን ጨርሶ ለማስቀረት ነው። ቺፑን ስልክ አምራቹ ከስልኩ ጋር በይዶ ይሸጠዋል፤ መለያውና ቁልፉ በኢንተርኔት ይወርዳሉ። ለገዢው የሚሰጠው ኪውአር ኮድ መለያው የሚወርድበትን አድራሻና አንዲት የማስከፈቻ ኮድ ከመያዙ በቀር ሌላ ነገር የለበትም። ኮዱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ «ቦታ ያዘብኝ» ብሎ ኢሲሙን የሰረዘ ሰው የከፈለበትን ዳታ አብሮ ሊሰርዝ ይችላል። ለማውረድ ራሱ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግም ነገሩ የሚጠናቀቀው ከመነሳት በፊት፣ ቤት ባለ ዋይፋይ ነው። አፕል በ2018 ከአይፎን ኤክስኤስ ጋር አስገባው፤ በ2022 በአሜሪካ የሚሸጠውን አይፎን 14 ጭራሽ የሲም ማስገቢያ ነሣው። ከአሜሪካ በስጦታ የሚመጣ አይፎን አዲስ አበባ ደርሶ የፕላስቲክ ሲም የሚገባበት ቀዳዳ ሲታጣለት ምክንያቱ ይህ ነው።

የኢሲም ትልቁ ጥቅም የአገር ቤቱን ሲም ሳያስወጡ ሌላ ቁጥር መጨመር መቻሉ ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ትንሽ ነገር አይደለም። የባንኩና የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በአገር ቤቱ ቁጥር ነው። ሲሙን አውጥቶ በቦርሳ የከተተ ሰው ገንዘብ ለማስተላለፍ ሲሞክር ኮዱ አይደርሰውም። የተሻለው መንገድ የአገር ቤቱን ቁጥር ለመልእክት ብቻ መተው፣ ዳታ ሮሚንጉን አጥፍቶ ዳታውን በአዲሱ መስመር ማድረግ ነው። መልእክት መቀበል በብዙ ድርጅቶች ዘንድ አይከፈልበትም፤ ሆኖም ሮሚንግ አስቀድሞ ማስከፈት የሚጠይቁ ስላሉ ከጉዞ በፊት ቴሌን መጠየቅ ይበጃል። ዋትስአፕ ቁጥር መቀየሩን አይቶ «ቁጥርዎን ልቀይር?» ሲል መልሱ «አይሆንም» ነው፤ አካውንቱ በድሮው ቁጥር እንዳለ ይሠራል።

በኢሲም ላይ የጉዞ ዳታ የሚቸረችሩ ኩባንያዎችም ተፈልፍለዋል። በ2019 በሲንጋፖር የተመሠረተው ኤራሎ ከታወቁት አንዱ ነው። እነዚህ አንድም አንቴና የላቸውም፤ በጅምላ ገዝተው ይሸጣሉ። ገዢው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር የሚሸጡለት ብዙ ጊዜ ያው ሮሚንግ መሆኑ ነው፣ ሦስተኛ አገር ካለ ድርጅት የመጣ። ኢስታንቡል የተቀመጠ ሰው ኢንተርኔት ላይ አንድ ቀንም ያልረገጠው አገር ነዋሪ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። አብዛኛዎቹም መደወያ ቁጥር አይሰጡም። ለአምስት ቀን ጉባኤ ወይም በአንድ ጉዞ አራት አገር ለሚያዳርስ ሰው ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ሁለትና ሦስት ወር ለሚቀመጥ ግን የአገሩን ሲም ማውጣት ያዋጣል፤ በጊጋባይት የሚከፈለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

የአገሩ ሲም ዋጋ ደግሞ እንደ አገሩ ፉክክር ነው። በእስራኤል እስከ 2012 ገበያውን ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች ይዘውት ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ ላይ ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ገብተው፣ ጎላን በወር 99 ሼቅል ያልተገደበ ጥቅል ሲያቀርብ የቀሩትም ተከትለው ዋጋ ጣሉ። ዛሬ ቤተሰብ ለመጠየቅ ከጎንደር አሽዶድ የሚሄድ ሰው የዚያ ዓመት ፉክክር ተጠቃሚ ነው።

ሲም ማውጣት ግን እንደ አገሩ ነው። ሳዑዲ በ2016 አሻራ መጠየቅ ጀምራለች፤ ሐጃጅም ሆነ ዑምራ ተጓዥ ፓስፖርቱ ያስፈልገዋል። ጀርመን በ2017 ማንነቱ ላልተረጋገጠ ሰው የቅድመ ክፍያ ሲም እንዳይከፈት ከልክላለች። ቱርክ ሲሙን በቀላሉ ትሰጣለች፤ ከውጭ የገባው ስልክ ግን በቱርክ ሲም የሚሠራው ለ120 ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ቀረጥ ተከፍሎ ካልተመዘገበ ይዘጋል። ለዕቃ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ዱባይ ዳታ ሞልቶ ሳለ የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም፤ እዚያ ያሉ እኅቶችና ወንድሞች ከቤተሰብ የሚነጋገሩት ቦቲም በመሳሰሉት የተፈቀዱ መተግበሪያዎች ነው። ቻይና ደግሞ ነገሩን ትገለብጠዋለች። በጓንጁ ሲም ቴሌግራምም ጉግልም አይከፈቱም፤ በሮሚንግ የገባ ስልክ ግን ዳታው ወደ ላኪው አገር ተመልሶ ስለሚወጣ ይከፍታቸዋል። ውዱ ሮሚንግ ዋጋውን የሚያወጣበት ቦታ ካለ ይኸው ነው።

አሜሪካ ራሱን የቻለ ወሬ አላት። ልጃቸውን ለማረስ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ እናት ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ። ይዘውት የመጡት ስልክ አሮጌ ከሆነ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ችግር የዋጋ አይደለም። ትልልቆቹ ድርጅቶች ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ ሞባይልና ቬራይዘን ሦስቱም በ2022 ስሪጂን ዘግተዋል፤ ድምፅን በፎርጂ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ እዚያ በአብዛኛው ጥሪ አያደርግም። ስልኩ የሚሆን ከሆነ ልጆቻቸው በቤተሰብ ጥቅሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩላቸዋል፣ አለዚያም በትልልቆቹ አንቴና ላይ ከሚሠሩት ርካሽ አገልግሎቶች አንዱን ይይዛሉ። በቲ ሞባይል አንቴና የሚሠራው ሚንት የሦስት ወር ጥቅል በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ በቬራይዘን አንቴና የሚሠራው ቪዚብልም አለ። ርካሽ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ኔትወርኩ ሲጨናነቅ የእነሱ ደንበኛ ወደ ኋላ የሚቆም መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሕፃን ይዘው ቤት ለሚውሉ እናት ይህ ምን ያስጨንቃል? እንዲያውም ዋይፋይ ባለበት ቤት «ያልተገደበ» ጥቅል የሚገዙላቸው ልጆች የሚከፍሉት ለዳታው ሳይሆን ለይሉኝታው ነው።

ዳታው የሚያልቀውም ሰው በሚጠረጥረው ነገር አይደለም። ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ኢምንት ናቸው። የሚበላው ቪዲዮ ነው፤ ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው ግምት በከፍተኛ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። ቀጥሎ ባለቤቱ ሳያዝዘው የሚሠራው ይመጣል፦ የዋትስአፕ ባክአፕ፣ የጉግል ፎቶ፣ በራሳቸው ጊዜ የሚታደሱ መተግበሪያዎች፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በራሱ የሚወርድ ቪዲዮ። እነዚህን በዋይፋይ ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የከተማውን የጉግል ካርታ አስቀድሞ ማውረድም እንዲሁ።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ የሚረሳው ቁጥሩ ነው። ያልተሞላ የቅድመ ክፍያ ቁጥር ይዘጋል፣ ከዚያም ለሌላ ሰው ይሰጣል። በአሜሪካ ደንብ የተዘጋ ቁጥር ዳግም ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ 45 ቀን መቆየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ ባለቤት በዚያ ቁጥር የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ ይቀበላል። እዚያ ሳሉ በጊዜያዊው ቁጥር ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ የከፈቱ ሰዎች፣ ቁጥሩ ገና በእጃቸው እያለ አካውንቱን ወደ አገር ቤቱ ቁጥር ማዛወር ይኖርባቸዋል።